የእንስሳን ስም ወደ ጥንተ ሴማዊ መመለስ፦ በነብር፣ በጅብና በወፍ የተሠራ መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ እንግዳ ይዘው ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚመላለሱ አስጎብኚዎች፣ ግዕዝ የሚማሩ ወጣቶች፣ አንዳንዴም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ተመሳሳይ ጥያቄ ያመጡልኛል። «ጅብ በዕብራይስጥ ተኩላ ነው የሚባለው እውነት ነው?» «ነብር ከዓረብኛ ነው የመጣው?» «ጉማሬስ?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከመመለስ አሠራሩን ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል። እዚህ ያለውን ተከትላችሁ ከሠራችሁ የሚቀጥለውን ቃል ራሳችሁ ትፈቱታላችሁ።

መጀመሪያ ምን እንደምንፈልግ እንግባባ። ግዕዝ፣ ዓረብኛ፣ ዕብራይስጥ፣ አራማይክ፣ አካድኛ (በዛሬዋ ኢራቅ ይነገር የነበረ ጥንታዊ ቋንቋ) እና ሌሎችም ከአንድ ቋንቋ ወጥተዋል። ያንን ቋንቋ ጥንተ ሴማዊ እንለዋለን። ጽፎ ያስቀረው ሰው የለም። ስለዚህ ቃሉን ከልጆቹ ቋንቋዎች ተነሥተን መልሰን እንገነባዋለን። የተገነባ ቃል ፊት ኮከብ (*) ይደረጋል። ኮከቡ «ይህ ተጽፎ አልተገኘም፣ በስሌት የተደረሰበት ነው» ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

– ደብተር ወይም ኤክሴል። ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ዓምድ ክፈቱ።

– የግዕዝ መዝገበ ቃላት። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ (1948 ዓ.ም. የታተመው) ለፊደል አጻጻፉ በጣም ይረዳል። ቮልፍ ሌስላው በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ደግሞ የሌሎቹን ሴማዊ ቋንቋዎች ዘመዶች አብሮ ያሳያችኋል። እንግሊዝኛ ማንበብ ግን ይጠይቃል።

– ትግርኛ አፉን የፈታበት ሰው። ይህን አትዝለሉት፤ ምክንያቱን ደረጃ 2 ላይ ታዩታላችሁ።

– የቅኔ መምህር ወይም ግስ በደንብ ያጠና ደቀ መዝሙር። በጎጃም ይህ ሰው አይጠፋም።

– አገውኛ የሚናገር ሰው። ከእንጅባራ አካባቢ የመጣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ይበቃል።

– የዓረብኛ፣ የዕብራይስጥ፣ የሱርስት (አራማይክ) እና የአካድኛ መዝገበ ቃላት። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኙ አሉ።

ገዳም ሄዳችሁ የብራና ንባብ ለማየት ካሰባችሁ፣ ሴቶች ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ አይገቡም። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ከደሴቶቹ ደግሞ ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ናቸው።

ስለ አጻጻፉ

በዚህ ጽሑፍ የውጭ ቃላትን በፊደላችን እጽፋለሁ። በዓረብኛ ምላስን በጥርስ መሃል አድርጎ የሚወጣውን ስስ ድምፅ «ትህ»፣ ወፈር ያለውን «ድህ»፣ ከጉሮሮ የሚወጣውን ገ መሰል ድምፅ «ግህ» ብዬዋለሁ። አናባቢው ህ ላይ ያርፋል፤ ትሀ፣ ድሁ፣ ድሂ እንደማለት። አጭሩ አናባቢ በግዕዙ (ከ)፣ ረጅሙ በራብዑ (ካ) ተጽፏል።

ደረጃ 1፦ ቃሉን ከነመልኩና ከነትርጉሙ መዝግቡ

አንድ ቃል ምረጡ። ሰዎች የሚናገሩትን መልክ ሁሉ ጻፉ። ጅብን ስትጽፉ ዥብም እንደሚባል ጻፉ። ወፍን ስትጽፉ የትኛውንም ወፍ የሚያጠቃልል መሆኑን ጻፉ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? «ጅብ» እና «ዥብ» ጎን ለጎን ሲቀመጡ የመጀመሪያው ድምፅ የሚዋልል መሆኑ ይታያል። የሚዋልል ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሌላ ድምፅ የተለወጠ ነው። አንዱን ብቻ ከጻፋችሁ ይህ ፍንጭ ያመልጣችኋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ከጥንት ጀምሮ ሰው የሚያውቀውን እንስሳ ምረጡ፤ አራዊት፣ የቀንድ ከብት፣ ተባይ። ዶሮን አትጀምሩበት። ዶሮ ከእስያ ዘግይታ የመጣች ናት። ዕብራይስጡ ታርነጎል፣ ዓረብኛው ደጃጅ ይላታል፤ «ዶሮ»ን የሚመስለው ቃል ያለው እዚሁ አገውኛዎቹ ጋ ነው።

ደረጃ 2፦ አማርኛ የጣለውን የጉሮሮ ድምፅ መልሱለት

መመሪያው በሙሉ የቆመው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። አማርኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ፣ ዐ ይለያዩበት የነበረውን አነጋገር ትቷል። ብዙ ቦታም ድምፁን ጨርሶ አውጥቶታል። ስለዚህ የአማርኛውን ቃል እንደያዛችሁ ወደ ዓረብኛ ወይም ወደ ዕብራይስጥ ብትሮጡ ከቃሉ አንድ ተነባቢ ጎድሎ ነው የምትሄዱት። መጀመሪያ እዚሁ አገር ቤት ሙሉት።

በሬ፦ ግዕዝ ብዕራይ፣ ትግርኛ ብዕራይ። ዐይኑ ዐ ተመለሰ።
በግ፦ ግዕዝ በግዕ፣ ትግርኛ በጊዕ። መጨረሻው ላይ ዐይኑ ዐ ነበር።
ንብ፦ ግዕዝ ንህብ፣ ትግርኛ ንህቢ። መሃሉ ላይ ሃሌታው ሀ ነበር።
ዶሮ፦ ግዕዝ ዶርሆ፣ ትግርኛ ደርሆ።
ወፍ፦ ግዕዝ ዖፍ፣ ትግርኛ ዑፍ። ዐይኑ ዐ ሲወድቅ ከንፈር የሚያሞጠሙጠው ድምፅ ወደ ፊት ወጥቶ ወ ሆነ።
ጅብ፦ ግዕዝ ዝእብ፣ ትግርኛ ዝብኢ።

ዝብኢ ላይ ቆም በሉ። በግዕዙ እ ከብ በፊት ነው፤ በትግርኛው ከብ በኋላ ነው። ሁለት ተነባቢዎች ቦታ ተቀያይረዋል። እንዲህ ያለው መቀያየር ብርቅ አይደለም። አማርኛም አርዌን አውሬ ያለው ር እና ወን አቀያይሮ ነው።

ወደ መምህሩ ስትሄዱ «በየትኛው ፊደል ነው የሚጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። «የኔታ፣ በግዕ በዐይኑ ነው በአልፋው?» ካላችሁ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ የሚለው አጠራር ለዚህ ሥራ የተመቸ መሣሪያ ነው። በአማርኛ አንድ ዓይነት ሆነው የሚሰሙት ጥንት የተለያዩ ተነባቢዎች ነበሩና።

ማስጠንቀቂያ፦ ጽሑፍ ላይ ያየነው ፊደል ሁሉ አይታመንም። የብራና ጸሐፊዎችም ሀ እና ሐን፣ አ እና ዐን ያለዋውጡ ነበር። የትግርኛ ተናጋሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በትግርኛ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ ዛሬም በአፍ ይለያያሉ። ቃሉን አስጠሩትና አዳምጡ። አንድ ነገር ብቻ ከእርሱ አትጠብቁ፤ ብዙኃኑ ኀ በትግርኛም ከሐመሩ ሐ ጋር ተቀላቅሏል። ለኀ ዓረብኛውን «ኸ» መጠየቅ ነው።

ደረጃ 3፦ የእኛን ሠፈር ለውጦች ለዩ

ነብር በግዕዝ ነምር ነው። አማርኛውና ትግርኛው (ነብሪ) ብ አላቸው፤ ግዕዙ ም አለው። የትኛው ነው የቆየው? እዚህ ላይ አትወስኑ። «ም ወይስ ብ?» ብላችሁ ጻፉና እለፉ፤ መልሱን የውጭ ምስክሮች ይሰጣሉ። ማወቅ ያለባችሁ ም እና ብ ሁለቱም በከንፈር የሚወጡ መሆናቸውን ነው። አንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ሩቅ አይደለም።

ጅብ ላይ ደግሞ ዘ ወደ ጀ ሄዷል። አማርኛ ዘን ኢ በሚነካው ቦታ ወደ ዠ ወይም ወደ ጀ ያዘነብላል፤ ያዘ ብለን ያዥ እንደምንለው። ስለዚህ ጅብ፣ ዥብ፣ ዝእብ አንድ መስመር ላይ ይቆማሉ።

ትግርኛ መጨረሻ ላይ የሚጨምራትን «ኢ» (ነብሪ፣ ከልቢ) አውጧት። ሁለት ተነባቢ ተከታትሎ እንዳይጨርስ የገባች ናት እንጂ የቃሉ አካል አይደለችም።

ደረጃ 4፦ ከየቅርንጫፉ ምስክር ጥሩ

የቋንቋ ብዛት አትቁጠሩ። የሚቆጠረው ቅርንጫፍ ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ትግረ፣ ግዕዝ፣ ሐረሪ፣ ጉራጊኛዎቹ ሁሉ ተደምረው አንድ ምስክር ናቸው። ዕብራይስጥ፣ አራማይክ፣ ኡጋሪትኛ (በሶርያ ጠረፍ ይነገር የነበረ ጥንታዊ ቋንቋ) እና ዓረብኛም በአንድ ቅርንጫፍ ስር የሚመደቡ ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። አካድኛ ግን ከሁሉም ተለይቶ የምሥራቁን ቅርንጫፍ ይወክላል፤ የቀሩት ሁሉ ምዕራቦቹ ናቸው። በጽሑፍ የተገኘውም ከሁሉም ቀድሞ ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው። ቃሉ በአካድኛም ከምዕራቦቹ ባንዱም ከተገኘ ለጥንተ ሴማዊ በቂ ምስክር አለው። በምዕራቦቹ ብቻ ከተገኘ «ምዕራብ ሴማዊ» በሉት። እኛ ጋ ብቻ ካለ «ኢትዮ-ሴማዊ» ብላችሁ አቁሙ።

የነብር ምስክሮች እነሆ፦

ግዕዝ ነምር፣ ዓረብኛ ነሚር፣ ዕብራይስጥ ናሜር፣ ሱርስት ኔምራ፣ አካድኛ ኒምሩ።

ከማነጻጸራችሁ በፊት ልብሳቸውን አውልቁ። የአካድኛ ስም መጨረሻ ላይ ያለው «ኡ» ስሙ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት መሆኑን ማሳያ ነው፤ ይውጣ። የሱርስት መጨረሻ «ኣ» ከመስተአምር ዓይነት (ስሙን የታወቀ ከሚያደርግ ቅጥያ) የመጣ ነው፤ እርሱም ይውጣ። ኒምር፣ ኔምር፣ ነሚር፣ ናሜር፣ ነምር ቀረን። ሁሉም ጋ ን–ም–ር ነው። ደረጃ 3 ላይ የተውነው ጥያቄ ተፈታ፤ ም የቆየው ነው፣ ብ የመጣው እኛ ጋ ነው። «ነብር ከዓረብኛ ነው ወይ?» ለሚለውም መልሱ ይኸው ነው። አይደለም፤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ወርሰውታል።

ደረጃ 5፦ ድምፅን በድምፅ አስተያዩ

ነብር ቀላል ነው፤ ን፣ ም፣ ር በሴማዊ ቋንቋዎች ብዙም አይለወጡም። ችግሩ ሌሎቹ ላይ ነው። ሁለት ቃላት ዘመድ ናቸው የሚባለው ስለተመሳሰሉ አይደለም። ልዩነታቸው በሌሎች ቃላትም በተመሳሳይ መንገድ ሲደጋገም ነው። ለእንስሳት ስም በብዛት የሚያስፈልጓችሁ እነዚህ ናቸው፦

*ትህ፦ ዓረብኛ ትህ፣ ግዕዝ ሰ፣ ዕብራይስጥ ሸ፣ አራማይክ ተ፣ አካድኛ ሸ። ወይፈንና በሬን የሚጠራው ጥንታዊ ቃል ዓረብኛ ትሀውር፣ ግዕዝ ሶር፣ ዕብራይስጥ ሾር፣ ሱርስት ተውራ፣ አካድኛ ሹሩ ነው።

*ድህ፦ ዓረብኛ ድህ፣ ግዕዝ ዘ፣ ዕብራይስጥ ዘ፣ አካድኛ ዘ፣ አራማይክ ደ።

*ሸ፦ ዕብራይስጥ፣ አራማይክና አካድኛ ሸ፤ ዓረብኛና ግዕዝ ሰ። ንስር በዕብራይስጥ ኔሼር፣ በዓረብኛ ነስር ነው።

*ፐ፦ ዕብራይስጥ፣ አራማይክና አካድኛ ፐ፤ ዓረብኛና ግዕዝ ፈ። እፉኝት መሰሉ የግዕዝ አፍዖት በዓረብኛ አፍዓ ነው፤ ዕብራይስጡ ኤፍዔ ይላል፤ ግን የዕብራይስጡ ፍ ከአናባቢ በኋላ የላላ ፕ ነው።

*ግህ፦ ዓረብኛ ግህ፤ ግዕዝ፣ ዕብራይስጥና አራማይክ ዐ። ይህን ለማስታወስ ከእንስሳት ውጭ ያለ ጥሩ ምሳሌ አለ። ዓረቡ መግህሪብ ሲል ግዕዙ ምዕራብ ይላል።

*ገ፦ ዓረብኛ ጀ፣ ሌሎቹ ገ። ግመልና ጀመል።

*ዐ እና *ሐ በአካድኛ ይጠፋሉ፤ ሲጠፉም በአቅራቢያቸው ያለውን «አ» ብዙ ጊዜ ወደ «ኤ» ለውጠው ይሄዳሉ። አህያ በዓረብኛ ሒማር፣ በዕብራይስጥ ሐሞር፣ በአካድኛ ኢሜሩ ነው። «ኤ»ዋ የወደቀው ሐ ዱካ ናት።

አሁን ጅብን አስተያዩ። ግዕዝ ዝእብ፣ ዓረብኛ ድሂእብ፣ ዕብራይስጥ ዝኤብ፣ ሱርስት ዴእባ፣ አካድኛ ዚቡ። የመጀመሪያው ድምፅ ዘ፣ ድህ፣ ዘ፣ ደ፣ ዘ ሆኖ ተሰለፈ። ይህ የ*ድህ መስመር ነው፤ አንዱም አልሳተም። ሁለተኛው አልፋው አ ነው፤ አካድኛው አውጥቶታል። ሦስተኛው ብ። ስለዚህ *ድህ–እ–ብ። ሱርስቱን ብቻ ያየ ሰው «በ ደ የሚጀምር ቃል ከጅብ ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። ሰልፉን ያየ ግን ደ እዚያ ቦታ መኖር እንዳለበት ያውቃል።

ደረጃ 6፦ አናባቢውን ሙሉ

አናባቢ ከተነባቢ ይልቅ ተለዋዋጭ ነው፤ ስለዚህ ለመጨረሻ ይቆያል። ሦስት ነገር ብቻ ያዙ።

አንደኛ፣ የግዕዝ ሳድስ (ዝ፣ ን፣ ድ) ከጥንታዊ አጭር «ኢ» ወይም አጭር «ኡ» የመጣ ሊሆን ይችላል። ግዕዝ ሁለቱን አዋህዷቸዋል። የትኛው እንደነበር ዓረብኛውን ጠይቁ፤ ዓረብኛ ሦስቱን አጫጭር አናባቢዎች ለይቶ በደንብ ጠብቋል። ዝእብ ላይ ዓረብኛው ድሂእብ ስለሚል *ድሂእብ– ብለን እንጽፋለን።

ሁለተኛ፣ የግዕዝ «ኦ» ብዙ ጊዜ የጥንት «አው» ነው። ሶር ከ*ትሀውር– ነው። ዖፍም እንዲሁ ከ*ዐውፕ– ነው።

ሦስተኛ፣ ዕብራይስጥና አካድኛ መሃል ላይ አናባቢ ያስገባሉ ወይም ያጠፋሉ። ከልብ (ውሻ) በዕብራይስጥ ኬሌብ ነው፤ ሁለተኛዋ «ኤ» በኋላ የገባች ናት። ዓረብኛው ከልብ፣ አካድኛው ከልቡ፣ ግዕዙ ከልብ ሲሉ *ከልብ– ማለት ነው። ነብር ላይ ዓረብኛው ነሚር፣ ዕብራይስጡ ናሜር ስለሚስማሙ *ነሚር– ጻፉ። የግዕዙ ሳድስ ምም ከዚህ ጋር አይጋጭም።

ደረጃ 7፦ ትርጉሙን ለብቻው ፍቱ

ብዙ ሰው ድምፁን ጨርሶ ትርጉሙን ከአማርኛ ይወስዳል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ድምፅና ትርጉም በተለያየ መንገድ ይሄዳሉ።

*ድሂእብ– በዕብራይስጥ፣ በአራማይክና በዓረብኛ ተኩላ ነው። በአካድኛ የቀበሮ ወገን ነው። እኛ ጋ ብቻ ጅብ ነው። ታዲያ የመጀመሪያው የትኛው ነበር? ሁለት ጥያቄ አንሡ። አንደኛ፣ ብዙ ቅርንጫፍ የያዘው የትኛውን ነው? ተኩላና ቀበሮን፤ ማለትም የውሻ ዘር የሆነ አዳኝ። ሁለተኛ፣ ጅብ የራሱ ሌላ ስም ነበረው ወይ? ነበረው። ዓረብኛ ደቡዕ (በወፍራሙ ደ)፣ ዕብራይስጥ ጻቡዕ ይላሉ፤ ድምፃቸውም በሥርዓት ይገጣጠማል። ለጅብ ሌላ ቃል ካለ *ድሂእብ– ጅብ ማለት ነው የሚያሰኝ ነገር የለም። ስለዚህ ትርጉሙ «ተኩላ፣ ተኩላ መሰል አውሬ» ይሆናል፤ ጅብ የሆነው በኢትዮጵያ ነው። ግዕዝ ለተኩላ «ተኵላ» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ ስለዚህ በግዕዝ ሁለቱ አይምታቱም።

አስጎብኚዎቹ ለሚያነሡት ጥያቄ አጭሩ መልስ ይህ ነው። ጅብ የሚለው ቃል የዕብራይስጡ ዝኤብ ዘመድ ነው። እንስሳው ግን ያው አይደለም።

በሬም እንዲሁ ያስተምራል። የብዕራይ ዘመዶች ዕብራይስጥ ብዒር (ከብት)፣ ሱርስት ብዒራ (ከብት)፣ ዓረብኛ በዒር (ግመል) ናቸው። ገበሬው አገር በሬ፣ በረሃው ላይ ግመል። ሁሉንም የሚሸከም ትርጉም «የቤት ከብት» ነው፤ እርሱን ጻፉ። አርዌ ደግሞ በግዕዝ አውሬና እባብ፣ በዕብራይስጥ አርዬ ሆኖ አንበሳ ነው። የዱር አስፈሪ እንስሳ የሚል ሰፊ ትርጉም ካልያዛችሁ አይገጥምም።

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ለትርጉም ጥሩ ረዳት ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 11 ቁጥር 6 እና 7 ላይ ተኩላ፣ ጠቦት፣ ነብር፣ ጥጃ፣ አንበሳ፣ ድብ ተሰልፈዋል። በየቋንቋው ከፍታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡት። ጥቅሱ የሚነግራችሁ ትርጉምን እንጂ ዝምድናን አይደለም። በዕብራይስጡ ዝኤብ ባለበት ቦታ አማርኛው ተኩላ ነው ያለው፤ ያ ማለት ተኩላ የዝኤብ ዘመድ ነው ማለት አይደለም። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከግሪኩ መሆኑንም አትርሱ። ቃል በቃል ከዕብራይስጡ ጋር ላይገጥም ይችላል።

ደረጃ 8፦ ውሰት መሆኑን ፈትሹ

እዚህ ላይ ሦስት ማጣሪያ አለ።

የድምፅ ማጣሪያ። በቅሎ በግዕዝ በቅል፣ በዓረብኛ በግህል ነው። ይመሳሰላሉ። ግን ደረጃ 5ን ክፈቱ፤ የዓረብኛ ግህ በግዕዝ ዐ መሆን ነበረበት። «ቅ» ሆኖ አይመጣም። ሰልፉ ስለፈረሰ ቃሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ማን ከማን እንደወሰደ ግን ከዚህ ብቻ አይታወቅም፤ አቅጣጫውን አትጻፉ።

የእንስሳው ታሪክ ማጣሪያ። ግመል ድምፁ ሁሉ በሥርዓት ይሰለፋል፤ ገመል፣ ጀመል፣ ጋማል። ሆኖም ግመል ለማዳ የሆነው በግና ከብት ለማዳ ከሆኑ ብዙ ቆይቶ ነው። የአካድኛው ገመሉም ከምዕራብ የተወሰደ ነው። ድምፁ የተስማማ ቃልም ከነጋዴ ጋር ተጉዞ ሊሆን ይችላል።

የጎረቤት ማጣሪያ። አማርኛ ከኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር አብሮ ኖሯል። ከልብ የሚለው ጥንታዊ ቃል በትግርኛ ሲኖር አማርኛ ውሻ ይላል። ውሻ ከሴማዊ ዘመድ የለውም፤ ሲዳምኛና ሃዲይኛ ግን ለውሻ የሚቀርብ ቃል አላቸው። ስለዚህ ግዕዝና ትግርኛ የማያውቁት የአማርኛ ቃል ሲገጥማችሁ አገውኛ ተናጋሪውን ጠይቁ፤ ከዚያ የደቡቡን ኩሻዊ ፈትሹ።

ሐይቁ ዳር ያሉት ቃላት ብዙዎቹ እዚህ ማጣሪያ ላይ ይቀራሉ። ዓሣ በግዕዝ ዓሣ፣ በትግርኛ ዓሳ ነው። ከዚያ ወዲያ ሲሄዱ ዕብራይስጡ ዳግ፣ ዓረብኛው ሰመክ፣ ሱርስቱ ኑና፣ አካድኛው ኑኑ ይላል። ዓሣ «ኢትዮ-ሴማዊ» ተብሎ ይቆማል። ጥንተ ሴማዊው የዓሣ ስም *ኑን– ነው፤ ዓረብኛም ያውቀዋል፤ በቁርኣን ዮናስ «ድሁን-ኑን» ባለ ዓሣው ተብሏል። የእኛ ቋንቋ ምስክር ባይሆንም ቃሉ ይገነባል። ጉማሬም ከኢትዮጵያ ውጭ የሚያቆመው ምስክር ስለሌለ ኮከብ አትስጡት። ገበያ ላይ የምትሰሟቸው ቀረሶና አምባዛም ያው ናቸው። እነዚህን ስሞች ግን ከዓሣ አጥማጆቹ አፍ እንደሰማችሁ መዝግቧቸው፤ ለሌላ ጥናት ይፈለጋሉ።

ደረጃ 9፦ ውጤቱን ከነመተማመኛው ጻፉ

ቃሉን ብቻ ጽፎ መተው ለሚቀጥለው ሰው አይረዳም። እንዲህ አድርጉት፦

ቃል፦ ጅብ (ዥብ)
የአገር ቤት መልክ፦ ግዕዝ ዝእብ፣ ትግርኛ ዝብኢ (የቦታ መቀያየር)
ምስክሮች፦ ዓረብኛ ድሂእብ፣ ዕብራይስጥ ዝኤብ፣ ሱርስት ዴእባ፣ አካድኛ ዚቡ
ግንባታ፦ *ድሂእብ–
ትርጉም፦ ተኩላ፣ ተኩላ መሰል አውሬ፤ በኢትዮጵያ ጅብ
ደረጃ፦ ሀ

ሀ ማለት ምሥራቅም ምዕራብም መስክረው ድምፁ የተስማማ ነው። ለ ማለት ምዕራብ ሴማዊ ብቻ። ሐ ማለት ኢትዮ-ሴማዊ ብቻ። ወፍ ለ ነው። ዕብራይስጥና የመጽሐፍ ቅዱስ አራማይክ ዖፍ ይላሉ፤ ዓረብኛም «ዓፈ» የሚል ወፍ ሲያንዣብብ የሚነገር ግስ አለው፤ አካድኛ ግን ወፍን ኢጹሩ ነው የሚለው። ስለዚህ *ዐውፕ– ብላችሁ ለ ስጡት። ወደ ሀ ለማስገባት አትታገሉ።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

ዝንብን ወስዶ ንን ወደ ጥንት መመለስ። አካድኛው ዙምቡ ስለሚል ንዋ ጥንታዊ ትመስላለች። ግን የቆየው የአካድኛ መልክ ዙቡ ነው፤ ዓረብኛ ድሁባብ፣ ዕብራይስጥ ዝቡብ ይላሉ። የጠበቀ ብ ተከፍሎ ን–ብ ወይም ም–ብ የሚሆነው በተለያየ ቦታ ለየብቻው ነው። አንድ ዓይነት ለውጥ ሁለት ቦታ ስለታየ ጥንታዊ አይሆንም።

የዛሬውን የእስራኤል አነጋገር እንደ ጥንቱ መቁጠር። ዛሬ ብዙዎቹ ዐይኑን ዐ አይጠሩትም። በጽሑፉ ላይ ያለውን ፊደል ተከተሉ።

የእንስሳውን ጩኸት የሚመስል ስም ላይ መተማመን። ቁራ በግዕዝ ቋዕ ነው። ወፏም እንዲሁ ነው የምትጮኸው። እንዲህ ያለ ቃል ያለ ዝምድና በየአገሩ ሊፈጠር ይችላል።

ዘመድ ያልሆነውን ለማገናኘት ፊደል መቀያየር። ደረጃ 5 ላይ የሌለ መለዋወጥ ካስፈለጋችሁ ሌላ ሁለት ሦስት ቃል ላይ አሳዩት። ካልተገኘ ተዉት።

ለመለማመድ

በንስር ጀምሩ፤ ተነባቢዎቹ በሥርዓት ይሰለፋሉ። ቀጥሎ ቅማልን ውሰዱ፤ ግዕዙ ቍማል፣ ዓረብኛው ቀምል፣ ሱርስቱ ቀልማ፣ አካድኛው ከልመቱ ነው። ም እና ል የተቀያየሩበትን ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ንብን ከአካድኛው ኑብቱና ከዓረብኛው ኑብ ጋር አስተያዩ፤ የግዕዙ ንህብ ውስጥ ያለችው ህ ሌሎቹ ጋ አለመኖሯን ለብቻ መዝግቡ።

ላምን ለመጨረሻ አቆዩት። ግዕዙ በሃሌታውም (ላህም) በሐመሩም (ላሕም) ተጽፎ ይገኛል፤ ትግርኛው በሐመሩ ላሕሚ ይላል። ዓረብኛው ለሕም ሥጋ፣ ዕብራይስጡ ሌሔም እንጀራ ነው። ሰው ሁሉ ወዲያው ሊያገናኛቸው ይቸኩላል። ፊደሉን ከመምህሩም ከትግርኛ ተናጋሪውም አረጋግጡ፣ ትርጉሙን በደረጃ 7 አሳልፉት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሀ፣ ለ ወይም ሐ ስጡት።